ፋብሪካ ሲከስር ለእኛ ማን ይነግረናል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱ የምገኝ አቤቱታ ጸሐፊ ነኝ። ከአዳማ ፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር የያዘች ጠባብ ቤት አለችኝ። ከዚያ በፊት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የአካባቢው ሰው ግን ጉዳይ ሲገጥመው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

ባለፈው እትማችሁ በገላን በኩል ስለተዘጋው የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ጽሑፉ ሲጨመቅ፣ ፍርድ ቤቱ ለባንክ አዳልቶ የድሃውን ገንዘብ አስበላ ነው የሚለው። ንዴታችሁ ይገባኛል። ገንዘብ ከቀረባቸው ሰዎች የብዙዎቹን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወቀሳው ግን ቦታውን ስቷል። ዳኞቹ በነበራቸው ወረቀት የሚቻለውን ሠርተዋል። ያጠፋን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው ልጽፍላችሁ የፈለግኩት።

አንድ ነጋዴ ዕዳውን መክፈል አቁሞ ፍርድ ቤት ከስሯል ብሎ ሲወስንበት፣ ገንዘብ ጠያቂው ሁሉ በየፊናው መሮጡን ያቆማል። አንዱ በቼክ ከሶ፣ ሌላው እግድ አውጥቶ፣ ሌላው አፈጻጸም ከፍቶ ይሆናል። ሁሉም ወደ አንድ መዝገብ ይሰበሰባል። ባለአደራ ይሾማል። ባለአደራው ንብረት ይቆጥራል፣ እያንዳንዱ ጠያቂ ያመጣውን ማስረጃ ከድርጅቱ ሒሳብ ጋር ያስተያያል። ያመነውን ይመዘግባል። ያላመነውን ደግሞ ዳኛ ያየዋል። ይህ ባይኖር ኖሮ ፎርክሊፍት ያለው መጀመሪያ ደርሶ ጭኖ ይሄድ ነበር። እንደዚያ ሲሆንም አይቻለሁ፣ መዝገብ ባልተከፈተባቸው ድርጅቶች።

ፋብሪካው ያለው ገላን ነው፤ ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ማለት ነው። በንግድ ምዝገባው ላይ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። የኪሳራ መዝገብ የሚከፈተው ዋናው መሥሪያ ቤት ባለበት ስለሆነ ነገሩ ልደታ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። የሕንፃው መያዣ ደግሞ የተመዘገበው ሕንፃው ባለበት ከተማ ነው። ለፋብሪካው ምግብ ቤት ሽንኩርት ታቀርብ የነበረችው ሴት የምትኖረው ቂሊንጦ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን ለመዞር በሚኒባስ ሞክሩትና ንገሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ፤ ማን ይቅደም ወደሚለው።

ባንኩ ሕንፃውንና የሊዝ መብቱን በመያዣ ይዟል። ፍርድ ቤቱ ይህን የተቀበለው ባንክ ስለሆነ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መያዣ የሚጸናው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው ይላል። ውሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ በሦስተኛ ወገን ላይ አይሠራም። ምዝገባውም የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ባለአደራው የባንኩን ፋይል ሲያይ መጀመሪያ የፈለገው ይህንን ቀን ነበር። ቀጥሎ የሊዝ ክፍያውን አየ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የሊዝ መብት በመያዣ የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ መጠን ልክ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ሊዙን ከፍሎ አልጨረሰም ነበር። ስለዚህ ባንኩም ቢሆን የጠየቀው ሁሉ አልተፈቀደለትም። ይህን ጽሑፋችሁ አላነሳውም።

ከሁሉ ያከራከረው ጀነሬተሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ነጋዴ የሚያውቀው ጉዳይ ይመስለኛል።

አንድ የቃሊቲ ነጋዴ ለፋብሪካው ትልቅ ጀነሬተር በክፍያ ቀጠሮ ሸጦ ነበር። ውሉ ላይ ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ባለቤትነቱ የሻጩ ነው ይላል። ፋብሪካው ግማሹን ያህል ከፍሎ ቆመ። ሻጩ «ዕቃዬን መልሱልኝ» አለ። ባንኩ ደግሞ «ጀነሬተሩ የሕንፃው አካል ሆኗል፤ ሕንፃው የእኔ መያዣ ነው፤ እሱም የእኔ ነው» አለ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ሻጩ ማመልከቻውን ሳልጽፍ ዕቃውን እንዳየው ስለፈለገ ነው። ጉልበት የሚደርስ የኮንክሪት መሠረት ላይ ተቀምጧል። በአራት ትልልቅ ብሎን ታስሯል። የጭስ ማውጫው ግድግዳውን በስቶ ወጥቷል፤ ቀዳዳው ዙሪያ ሲሚንቶ ተለስኗል። ላዩ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። ላየው ሰው የባንኩ ነገር ውሸት አይመስልም።

የባንኩ ጠበቃ የብሎኑን ፎቶ አቀረበ። ሻጩ አንድ ቴክኒሻን አምጥቶ «ግማሽ ቀን ስጡኝ፣ ግድግዳው ሳይነካ አወጣዋለሁ» አስባለ። ችሎት ውስጥ ሳቅ ሆነ። ዳኛው ግን ከብሎኑ በፊት ሌላ ነገር ጠየቁ፤ ይህ ውል ተመዝግቧል ወይ?

ተመዝግቦ ነበር። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ውል፣ ማለትም «እስክትከፍለኝ ዕቃው የእኔ ነው» የሚል ስምምነት፣ እንደ ዋስትና መብት ነው የሚታየው። በሌሎች ጠያቂዎች ላይ እንዲሠራ ከተፈለገ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ባለው መዝገብ መግባት አለበት። መዝገቡ ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ፈልጎ ማየት ለሚፈልግም ክፍት ነው። የነጋዴው የእህት ልጅ ብድር ተቋም ውስጥ ትሠራለች፤ ውሉ በተፈረመ ሰሞን እሷ ናት ያስመዘገበችው። መጨረሻ ላይ ጀነሬተሩ ለብቻው በሐራጅ ተሸጠ። ሻጩ የቀረውን ዕዳ ወሰደ፤ የተረፈው ዋስትና የሌላቸው ጠያቂዎች ወደሚካፈሉት የጋራ ቋት ገባ። ባንኩ ከዚያ ላይ በመያዣው ስም ምንም አላገኘም። ይህ ነው እንግዲህ አዳልቷል የተባለው ችሎት።

አሁን ተቃራኒውን ስሙ። ለዚያው ፋብሪካ ዚፕና ክር ያቀረበ ወጣት ነበር፤ ከመርካቶ ጅምላ እየገዛ የሚያመጣ። ውሉ ላይ ቃል በቃል ያው አንቀጽ አለ። የጻፈለት ሰው ከአንድ ቦታ ገልብጦት መሰለኝ። ግን አልተመዘገበም። ዚፑ ገና በካርቶን እንዳለ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፣ ስሙ ሳይቀር ካርቶኑ ላይ አለ። ፍርድ ቤቱ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ አመነለት። ቅድሚያውን ግን አላገኘም። ዋስትና ከሌላቸው ጠያቂዎች ጋር ተሰልፎ ከቋቱ በየድርሻው ሊወስድ ነው። የፍርድ ቤቱ ወጪና የባለአደራው ክፍያ ከቋቱ ቀድሞ እንደሚወጣ አትርሱ። ለዚህ ልጅ የቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የሽንኩርቷ ሴት ደግሞ በቼክ ነው የተጎዳችው። ፋብሪካው የቀን ቀጠሮ ቼክ ይሰጣት ነበር። ቀኑ ሲደርስ ባንክ ሄደች፤ ደረቅ። እኔ ጋ ስትመጣ ቼኩን በፕላስቲክ አስለብጣዋለች፣ እንዳይበላሽ። በአካባቢያችን ቼክ እንደ መያዣ ነው የሚታየው። «ቼክ ይዣለሁ» ያለ ሰው ተኝቶ ያድራል። እውነት ነው፣ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 አለ። ሰጪው ሊታሰር ይችላል። በኪሳራ መዝገብ ላይ ግን ቼክ የዕዳ ማስረጃ ነው እንጂ ወረፋ አያስቀድምም። ይህን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ለምን ቼክ ይባላል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላም አለ። የፋብሪካው ባለቤት ድርጅቱ ከመዘጋቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አንድ አይሱዙ ለአማቱ አስይዟል። ዕዳው የቆየ ነው ይባላል፤ መያዣው ግን አዲስ ነው። አማትየው ሊብሬውን ይዘው ቀረቡ። የሠራተኞቹ ተወካይ የሆነች ልጅ ናት ቀኑን ያስተዋለችው። ደመወዝ ከተቋረጠ ከወር በኋላ የተፈረመ ነው። የንግድ ሕጉ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ የ1952ቱም ነበረው። ባለዕዳው መክፈል ካቆመ በኋላ ለቆየ ዕዳ አዲስ መያዣ ቢሰጥ፣ ያ መያዣ በሌሎቹ ላይ እንዳይሠራ ማድረግ ይቻላል። አይሱዙው ወደ ቋቱ ተመለሰ። አማትየው ዕዳቸው አልተሰረዘም፣ ከሽንኩርቷ ሴት ጎን ተሰለፉ እንጂ። ጋዜጣችሁ ዜና ካስፈለገው ይህችን ልጅ ያናግር።

ሠራተኞቹን በሚመለከት ጽሑፋችሁ አንድ ግልጽ ስህተት አለው። ሠራተኛ ቅድሚያ የለውም ብላችኋል። አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ ግንኙነት የመጣ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል ይላል። ችግሩ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለመያዣ ባንኩንም በያዘው ሕንፃ ሽያጭ ላይ ቀዳሚ ማድረጉ ነው። ሁለቱም «ፊተኛው እኔ ነኝ» ይላሉ። ጠበቆች በዚህ ላይ ቀን ሙሉ መከራከር ይችላሉ፤ ተከራክረዋልም። ባለአደራው ግን ብልህ ሰው ነው። መጀመሪያ በማንም ያልተያዘውን ለየ፤ የስፌት ማሽኖቹን፣ ጥቅል ጨርቁን፣ የቢሮ ዕቃውን። የሠራተኛው ደመወዝ ከዚያ እንዲወጣ አቀረበ። ሕንፃው ላይ የሚደረገው ክርክር እስኪያልቅ ሰው ጾሙን አላደረም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም የራሱን ጥያቄ አቅርቧል፤ የታክስ አስተዳደር አዋጁ ቁጥር 983/2008 ቅድሚያ ይሰጠዋል። ያ ቅድሚያ ግን ከእሱ በፊት በመያዣ የተረጋገጠ መብትን አያልፍም።

ማንም ያልጻፈላቸው ደግሞ ቤታቸው ሆነው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ፋብሪካው የአንገትና የእጅጌ ጥልፍ ለሰፈር ሴቶች እያወጣ ያሠራ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ናት። ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቷ ውስጥ የተጠለፈ ሸሚዝ የሞላ ሦስት ማዳበሪያ ነበር። የሠራችበት ግን አልተከፈላትም። ዘበኞቹ መጥተው «የድርጅቱን ንብረት መልሺ፣ ካልመለስሽ ስርቆት ነው» አሏት። ደንግጣ ልታወጣላቸው ስትል ባሏ እኔን ጠራኝ። የሠራተኛ አዋጁን አንስቼ አነበብኩላቸው፤ ድርጅት ሲፈርስ ወይም ሥራ ሲያቆም ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሠራተኛ ለድርጅቱ ሠርቶ በእጁ ያለውን ዕቃ እስኪከፈለው ይዞ ማቆየት ይችላል። ስርቆት አይደለም፣ መብት ነው። ዘበኞቹ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አይተው ሄዱ። በሰፈሩ ግን ይህን የማያውቁ ሌሎች ሴቶች ከዚያ ቀደም ብለው መልሰው ነበር። አንዳንዶቹ ማዳበሪያውን በራሳቸው ትከሻ ነው የወሰዱት።

እንግዲህ ወቀሳዬን ላምጣ። ከላይ ካነሳኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ የተጎዱት ዳኛ ስለበደላቸው አይደለም። ስላልሰሙ ነው። መዝገቡ መከፈቱን ስላልሰሙ፣ ዕዳ የሚቀርብበት ቀን እንዳለው ስላልሰሙ፣ ውል እንደሚመዘገብ ስላልሰሙ። ጥሪው በጋዜጣ ወጥቷል ይባላል። ወጥቷል፤ እኔም ፈልጌ አገኘሁት። በትንንሽ ፊደል፣ ከጨረታና ከጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ መሃል። ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን ላይ ያለ ሰው ያንን ገጽ አያገኘውም። ቢያገኘውም ስለ እሱ የተጻፈ መሆኑ አይገባውም። የድርጅቱ ሕጋዊ ስምና በር ላይ የተሰቀለው ስም አንድ አልነበሩም። በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ሲሞት እድሩ ጥሩንባ ያስነፋል፤ እንቅልፋም እንኳ ይነቃል። የስንት ቤት እንጀራ የነበረ ፋብሪካ ሲሞት ግን ድምፅ የለም።

ባንኩ ግን ይሰማል። መስማት ብቻ አይደለም፣ ቀድሞ ይነሳል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ከተበዳሪው ጋር አስቀድሞ ከተስማማ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። በዚህ አዋጅ ላይ የኔ አስተያየት የተደበላለቀ ነው። ባንክ ገንዘቡን ለማስመለስ ዓመታት ቢንከራተት ነገ ለማን ያበድራል? ግን ሐራጁ ከፍርድ ቤት ውጭ ሲያልቅ ሌሎቹ ጠያቂዎች ዋጋው እንዴት እንደተገመተ አያዩም። ከዕዳው የተረፈ ገንዘብ ቢኖር የባለዕዳው ነው፣ በኪሳራ ጊዜ ደግሞ የቋቱ። ያንን ማን ተከታትሎ ይጠይቃል? እዚህ ላይ ነው ጋዜጠኛ የሚያስፈልገው። ባንኩ ለምን ወሰደ ከማለት ይልቅ በስንት ተሸጠ፣ ዕዳው ስንት ነበር፣ ልዩነቱ የት ገባ ብላችሁ ጠይቁልን።

አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ሳይዘጋ መልሶ መደራጀትንም ይፈቅዳል። ለእኛ ፋብሪካ ይህ ቀድሞ ቢሞከር ጥሩ ነበር። ባለቤቱ ፍርድ ቤት የሄደው ግን ክር እንኳ ካለቀ በኋላ ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የሠራተኛ ቅድሚያን የሚመለከተውን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሙልን። ሰው አንብቦት «ለካ መብት የለንም» ብሎ ተቀምጧል። ጽሑፋችሁ ከወጣ ወዲህ እኔ ጋ ቀጠሮ ይዘው የቀሩ አሉ። ሁለተኛ፣ የኪሳራ ጥሪ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ከጨረታው ገጽ አውጡት። ሰው የሚያውቀውን የድርጅቱን ስም፣ ሰፈሩን፣ ዕዳ የሚቀርብበትን የመጨረሻ ቀን በትልቁ ጻፉት። ፍርድ ቤቱም ጥሪውን በወረዳና በፋብሪካው በር ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲለጥፍ እናንተ ብትጎተጉቱት ከእኔ ማመልከቻ ይልቅ ይሰማችኋል።

የጎረቤቴ ጉዳይ ገና አላለቀም። ባለአደራው መጥቶ ሦስቱን ማዳበሪያ ቆጥሮ መዝግቧል፤ ሸሚዞቹ ከተሸጡበት ዋጋ ላይ የጥልፍ ሒሳቧ እንዲቀነስላት ጥያቄዋን ለችሎቱ አቅርቧል። ባንኩ ተቃውሟል። ለመልሱ ቀጠሮ ተሰጥቷል። ጋዜጠኛ ከላካችሁ ችሎቱ ልደታ ነው፤ የመዝገቡን ቁጥር እኔ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አቤቱታ ጸሐፊው፣ ከቱሉ ዲምቱ